የግብሩ ማነስና የእንቢታው መብዛት

«ግብር» የሚለው ቃል በቋንቋችን ብዙ ልጆች አሉት። መሬት የሚያርሰው ሰው ገበሬ ይባላል፤ ሥራው ግብርና ነው፤ ለመንግሥት የሚከፍለው ግብር ሲሆን ከፋዩ ገባር ይሰኛል። ገዥው ለሠራዊቱና ለመኳንንቱ ያዘጋጅ የነበረው ታላቅ ድግስም ያው ግብር ነው። ሁሉም የሚመዘዙት «ሠራ፣ አደረገ» የሚል ፍች ካለው የግእዝ ግሥ ነው። የሚሠራው፣ የሚከፍለውና የሚበላው በአንድ የቃል ጣራ ሥር ይኖራሉ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ቃል ጎድሏል። እርሱም «ፈቃድ» ነው። ገባሩ ግብሩን የሚገብረው ፈቅዶ ነውን? ወይስ ፈቃዱን የሚጠይቀው ሳይኖር? ባይፈቅድስ ምን ያደርግ ዘንድ ይገባዋል?

ይህ ጥያቄ በመጽሐፍ ብቻ የሚኖር ጥያቄ አይደለም። በታኅሣሥ ወር 1773 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን አሜሪካ በቦስተን ወደብ በቆሙ ሦስት መርከቦች ላይ የወጡ ሰዎች 342 ሣጥን ሻይ ወደ ባሕር ጣሉ። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የቢቸና፣ የሞጣና የዳሞት ገበሬዎች የእርሻ ገቢ ግብር ገማቾች ወደ ቀያቸው እንዳይገቡ ከለከሉ፤ ነገሩ ሲከርም ጠመንጃ አነሡ። እነዚህን ሁለት ድርጊቶች ሁለት መቶ ዓመት ያህል፣ አንድ ውቅያኖስና ብዙ የኑሮ ልዩነት ይለያያቸዋል። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር፣ በሁለቱም ስፍራ እንቢ የተባለው ግብር በገንዘብ ሲመዘን ትንሽ መሆኑ ነው። በአሜሪካ በአንድ ፓውንድ ሻይ ላይ የተጣለው ቀረጥ ሦስት ፔንስ ብቻ ነበር። እንዲያውም በዚያው ዓመት የወጣው የሻይ ሕግ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሻዩን በቀጥታ እንዲያስገባ ስለፈቀደ፣ ቀረጡ ተከፍሎበትም ቢሆን ሻዩ ኮንትሮባንዲስቶች ከሚሸጡት ሻይ ይረክስ ነበር። በጎጃምም አዲሱ ሕግ አሥራትን ሽሮ በምትኩ በገቢ ልክ የሚታሰብ ግብር የሚተካ ስለነበረ ለድሀውና ለመካከለኛው ገበሬ ከቀድሞው የባሰ ሸክም አልነበረም። ታዲያ ሰው ለትንሽ ነገር ይህን ያህል የሚቆጣው ስለ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ የአሜሪካኖቹን ነገር በአጭሩ እንመልከት፤ የታወቀ ነውና ብዙ አያቆየንም። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ያደረገችው የሰባት ዓመት ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1763 ሲያበቃ የለንደን መንግሥት በዕዳ ተዘፍቆ ነበር። መንግሥቱ ያቀረበው ክርክር በራሱ ሚዛን የማያሳምን አልነበረም፤ «ጦርነቱ የተካሄደው ለእናንተም ደኅንነት ነው፤ ወታደሩ የሚጠብቀው የእናንተን ድንበር ነው፤ ከወጪው ጥቂቱን ብትሸከሙ ምን ይላችኋል?» የሚል ነበር። በ1765 (እ.ኤ.አ.) የቴምብር ሕግ ወጣ። ውል፣ ጋዜጣ፣ የፍርድ ቤት ጽሕፈት፣ የመጫወቻ ካርታ ሳይቀር ቴምብር ይለጠፍበት ተባለ። ሰፋሪዎቹ የእንግሊዝን ሸቀጥ አንገዛም ብለው አደሙ፤ የቴምብር ሻጮቹን እያስፈራሩ ሥራቸውን አስለቀቁ፤ ሕጉም በዓመቱ ተሻረ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ከብዙ የግብር ሁከቶች እንደ አንዱ በተረሳ ነበር።

ነገር ግን የእንግሊዝ ምክር ቤት የቴምብሩን ሕግ በሻረ ጊዜ ሌላ አጭር ሕግ አብሮ አወጣ። በዚህም ሕግ በማናቸውም ጉዳይ ላይ ሰፋሪዎቹን የሚያስገድድ ሕግ የማውጣት ሙሉ ሥልጣን እንዳለው አስታወቀ። አንባቢ ይህችን ልብ ይበላት። ምክር ቤቱ ገንዘቡን ማረ፤ ሥልጣኑን ግን አልማረም። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ የ1767ቱ ቀረጥም ሆነ ሻዩ፣ ከዚህ አጭር ሕግ የተወለደ ነው። ሰፋሪዎቹ ሦስቱን ፔንስ የቆጠሩት እንደ ገንዘብ አልነበረም፤ እንደ ፊርማ ነበር እንጂ። ዛሬ ሦስት ፔንስ የከፈለ ሰው ነገ ሦስት ፓውንድ ሲጠየቅ በምን አፉ እንቢ ይላል? ደግሞም ዙሪያቸውን ይመለከቱ ነበር። አየርላንድን ያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 በቤንጋል ብዙ ሕዝብ በረኀብ ሲያልቅ ያ የሻይ ኩባንያ በዚያ አገር ግብር ሰብሳቢ እንደነበረ ያውቁ ነበር።

የሌላውን ሰው ዕጣ አይቶ የራስን መፍራት ወደ ጎጃም ያመጣናል።

የጎጃምን ገበሬ አመፅ ከ1960 ዓ.ም. መጀመር ስሕተት ነው። ኢጣሊያ ከወጣ በኋላ የተመለሰው መንግሥት በአዲስ መልክ ግብር ለመጣል ሲነሣ በጎጃም ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ለጠላት ያልገበረ አርበኛ፣ ነፃነት ሲመለስ አዲስ የግብር መዝገብ ይዞ የመጣውን ሹም በቀና ዓይን ሊያየው አልቻለም። ከአርበኞቹ ሁሉ ስመ ጥሩ የነበረው በላይ ዘለቀ፣ በወረራው ዘመን ቢቸናን መናኸሪያው አድርጎ የተዋጋው ጀግና፣ ከነፃነት በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ ተያዘ፤ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። የእርሱ ጠብ ከግብር የሰፋ ነው፤ ሹመትም፣ ክብርም፣ ያልተከፈለ ውለታም አለበት። ነገር ግን ለምሥራቅ ጎጃም ገበሬ በላይ የአንድ ነገር ምልክት ሆኖ ቀረ። ለጠላት ያልተንበረከከ ሰው በገዛ መንግሥቱ ሊሰቀል እንደሚችል በእርሱ ታወቀ።

በዚያው በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ግን በብዙው ኢትዮጵያ ግብርን በጋሻ ልክና በመሬቱ ለምነት ሲተምን ጎጃምን፣ በጌምድርንና ትግራይን ከዚህ ስሌት ውጭ አድርጎ በቀድሞው ልማድ እንዲከፍሉ ተዋቸው። በእርግጥ ይህ በጽሑፍ የሰፈረ ዕርቅ አልነበረም። ገበሬው ግን እንደ ዕርቅ ያዘው። መሬቱ አይለካም፤ እርሱም የለመደውን ይገብራል። ከሃያ ዓመት በላይም በዚሁ ሁኔታ ኖረ።

በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲታወጅ ይህ ያልተጻፈ ዕርቅ ፈረሰ። ሕጉ በወረቀት ላይ ሲነበብ ዘመናዊ ነው። አሥራትን ይሽራል፤ በጉልት ስም አሥራት ይቀበሉ የነበሩትን ያስቀራል፤ ብዙ ያመረተ ብዙ እንዲከፍል ያደርጋል። ለገቢው ግን ግምት ያስፈልጋል፤ ለግምቱ ገማች ያስፈልጋል፤ ገማቹም ማሳውን ማየትና «ይህ የማን ነው? ስፋቱስ ምን ያህል ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ገበሬው የሰማው ይህን ጥያቄ ነው። የግብር ገማች ነኝ የሚለው ሰው ከጀርባው ቀላድ እንደያዘ ሆኖ ታየው።

ቀላድ ለጎጃም ገበሬ ምን ማለት እንደነበረ ለመረዳት ዓባይን መሻገር ያስፈልጋል። ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በደቡቡ የአገራችን ክፍል መሬት በጠፍር ገመድ ተለክቶ ከፊሉ ለመንግሥት፣ ከፊሉ ለመልከኛና ለወታደር ሲከፋፈል፣ በዚያ መሬት ላይ ከአባቱ ጀምሮ የኖረው ሰው ገባር፣ በኋላም ጭሰኛ ሆነ። ይህን የጎጃም ሰው በወሬ ብቻ የሚያውቀው አይደለም፤ ለዘመቻና ለንግድ ወርዶ በዓይኑ አይቶታል። አንዳንዱም በወታደርነቱ ተካፋይ ሆኖበታል፤ የታሪክ ፍርድ ቀላል የማይሆነው በዚህ የተነሣ ነው። ገመዱ በሌላው ሰው መሬት ላይ ሲዘረጋ ያየ ሰው፣ በራሱ ላይ ሲመጣ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለመገመት ነቢይ መሆን አይፈልግም።

ከዚህም በላይ አንድ የጠለቀ ነገር አለ። ርስት ተብሎ የሚጠራው ነገር በመሠረቱ መሬት አይደለም፤ መብት ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ምሁር አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በሰፊው አሳይቷል። ሰውየው በአባቱም በእናቱም በኩል ከአንድ የቀደመ አባት መወለዱን ከመሰከረ፣ በዚያ አባት ስም በሚጠራው መሬት ላይ ድርሻ የመጠየቅ መብት አለው። ዛሬ የያዘው ማሳ ይህ ነው፤ ነገ ግን በእናቱ እናት በኩል ሌላ ሊጠይቅ ይችላል፤ የእርሱንም የአጎቱ ልጅ ሊጠይቀው ይችላል። ክርክሩ አያልቅም። የዳኛ ደጅ የሚሞላውም በርስት ነገር ነው። ነገር ግን ይህ የማያልቅ ክርክር ራሱ የመኖር ማረጋገጫ ነው፤ ተወላጅ የሆነ ሁሉ ተስፋው አይቆረጥም። ለካችና መዝጋቢ ሲመጣ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይረጋል። «የአንተ ይህ ነው፤ ሌላው የአንተ አይደለም» ይባላል። እንግዲህ ገበሬው የፈራው የግብሩን ቁጥር ብቻ አልነበረም። ከሰው ጋር የተሳሰረበት መብት ተለውጦ ከመንግሥት መዝገብ ጋር የተሳሰረ ይዞታ እንዳይሆን ነው። በሚስቱና በርስቱ የመጣበትን የማይታገሥ እየተባለ የሚነገርለትም ለዚህ ነው። ሁለቱም የዘር ማስቀጠያ ናቸውና።

የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር ነገሩን በጥበብ አልያዘውም። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ በጦር መሣሪያ ምዝገባ ገበሬውን አስቀድሞ አስቀይሞት ነበር። ጠመንጃው ተመዝግቦ፣ ቀጥሎ መሬቱ ሲጠየቅ ገበሬው ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አነበባቸው። አቤቱታ አቀረበ፤ ሰሚ አጣ። ከዚያ በኋላ ፖሊስና ጦር ተላከ፤ ውጊያ ሆነ፤ በመንደሮች ላይ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ገዥው ተነሣ፤ ውዝፉ ግብር ተሰረዘ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። በዚያው ዘመን በባሌም በግብርና በመሬት ሰበብ የተቀጣጠለው አመፅ ዓመታት አስቆጥሮ ነበርና መንግሥቱ ሁለት እሳት በአንድ ጊዜ ማጥፋት አልፈለገም።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ክርክር ይነሣል፤ ንቃት ያለው አንባቢ አስቀድሞ ሳያስበው አይቀርም። ሕጉ ተራማጅ ነበር፤ አመፁ ግን ወደ ኋላ የሚጎትት ነበር ይባላል። የአሥራት መቅረት የጎዳው ጉልተኛውንና ባላባቱን ነው፤ ገበሬውን ያነሣሡትም እነርሱ ናቸው፤ ገበሬው የራሱን ጥቅም ባለማወቁ የጌቶቹን ጦርነት ተዋጋ። ይህ ሐሳብ ከእውነት የራቀ አይደለም። በአመፁ ውስጥ የባላባት እጅ ነበረበት። ግን በቦስተንስ የማን እጅ ነበረ? የነፃነቱን ሰነድ በመጀመሪያ የፈረመው ሀብታሙ ነጋዴ ጆን ሃንኮክ እ.ኤ.አ. በ1768 መርከቡ በኮንትሮባንድ ክስ ተይዛበት የነበረ ሰው ነው። ሻዩ ሲረክስ የሚከስሩት እንደ እርሱ ያሉ ነጋዴዎች ነበሩ። አንድ ጥያቄ በጥቅመኛ አፍ ስለተጠየቀ ጥያቄነቱ አይቀርም።

ይልቁንስ የሚከብደው ሁለተኛው ነጥብ ነው። አንድ ሕዝብ የሚጠቅመውን ሕግ እንቢ የማለት መብት አለውን? ይህ ጸሐፊ አለው ይላል፤ ምክንያቱንም መናገር ይገባዋል። ጥቅም የሚባለው ነገር ተቀባዩ ካልመረመረው ስጦታ እንጂ መብት አይሆንም። ስጦታን የሰጠ እጅ መልሶ ሊወስደው ይችላል። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ለገበሬው አስበው ይሆናል፤ ወደ ገበሬው ቀዬ ግን አስረጂ ሳይሆን ገማች ላኩ፤ ከገማቹም በኋላ ወታደር። የሕጉን ደግነት ለገበሬው የነገረው የለም፤ የነገረው ቢኖርም የማመን ምክንያት አልሰጠውም። በዚያ ዘመን «መሬት ለአራሹ» እያለ በ1957 ዓ.ም. አደባባይ የወጣው ተማሪ እንኳ ለጎጃም ገበሬ የሚሆን ቃል በቀላሉ አላገኘም፤ ይህ ገበሬ አራሽም ባለ ርስትም ነበርና።

«እንደራሴዎቹ አጽድቀውት የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በሕዝብ የሚመረጥ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አቋቁሟል፤ አዋጁም በዚያ ምክር ቤት ታይቶ አልፏል። የጎጃምም መራጭ በዚያ ወንበር ነበረው። ስለዚህ ያለ ውክልና ግብር አይጣልብንም ያሉት የአሜሪካኖቹ ክርክር ለጎጃም ገበሬ በቀጥታ አይሠራም። የእንግሊዝ ሹማምንት ለሰፋሪዎቹ የሰጡት መልስ ግን እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ማንቸስተርና በርሚንግሃም የሚያህሉ ከተሞችም በዚያ ዘመን የራሳቸው የምክር ቤት አባል አልነበራቸውም፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ አባል የመላው ሕዝብ ወኪል ስለሆነ ሁሉም ተወክለዋል፤ እናንተም እንዲሁ ናችሁ አሏቸው። ሰፋሪዎቹ ሳቁ። የማያውቁን፣ ግብሩን ራሳቸው የማይከፍሉት፣ በእኛ ላይ በጫኑት መጠን ከራሳቸው ጫንቃ የሚያቃልሉ ሰዎች ወኪሎቻችን አይደሉም ሲሉ መለሱ። የፖለቲካ ፓርቲ በሌለበት፣ ዕጩው ባለ ንብረት መሆን ባለበት፣ ምርጫው ምን እንደሆነ ለብዙው ገበሬ ባልተገለጠበት አገር የጎጃሙም እንደራሴ ከዚያ የሚሻል አልነበረም። ወንበር መኖሩ ድምፅ መኖሩን አያስረዳም። ገበሬው የሚያውቀው ጉባዔ የደብሩ ደጀ ሰላም፣ የሽማግሌ ዕርቅና የተወላጆች ክርክር ነው። አዋጁ ግን በዚያ በር አልገባም።

እንግዲህ ሁለቱ ሕዝቦች እስከዚህ ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ። መንታ መንገዱ ላይ ግን ተለያዩ። አሜሪካኖቹ ነፃነት አወጁ፤ የጎጃም ገበሬ አላወጀም፤ አላሰበውምም።

ከዚህ በመነሣት «የጎጃሙ ገበሬ ንቃቱ አልደረሰም» ማለት ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። ሰፋሪዎቹም ቢሆኑ እስከ መጨረሻው ጥግ ድረስ ነፃነት አልፈለጉም። ውጊያው ከተጀመረ በኋላ እንኳ በሐምሌ 1775 (እ.ኤ.አ.) ለንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ የዕርቅ አቤቱታ ላኩ። ምክር ቤቱ በድሎናል፤ ንጉሡ ግን ቢያውቅ ይፈርድልናል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ይህ ለእኛ እንግዳ ስሜት አይደለም። «ጃንሆይ፣ አቤት!» የሚለው ሰው ሁሉ ያምን የነበረው ይህንኑ ነው፤ ሹሙ ይበድላል፤ ንጉሡ አልሰማም እንጂ ቢሰማ ይፈርዳል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው ሕዝብ ንጉሡን ባይከስም ለንጉሡ ይከስሳል። ንጉሥ ጆርጅ ግን አቤቱታውን ለመቀበል እንቢ ብሎ፣ በዚያው ዓመት ሰፋሪዎቹን አመፀኞች ሲል አወጀባቸው። ያን ጊዜ የሚቀሩት ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ መገዛት ወይም ሌላ መንግሥት መሆን። ሌላ መንግሥት ለመሆን ደግሞ መሣሪያው በእጃቸው ነበር። እያንዳንዱ ግዛት ለረጅም ዘመን የራሱን ግብር የሚወስን ምክር ቤት ነበረው፤ የቨርጂንያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1619 ነው። በ1776 (እ.ኤ.አ.) ያወጁት አዲስ ነገር የነበረውን መንግሥታቸውን በስሙ መጥራት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጎጃሙ ገበሬ ግን ሸፈተ። «ሸፈተ» የሚለውን ቃል ሌሎች ወንበዴነት ብለው ሊተረጉሙት ይችላሉ፤ ለእኛ ግን ሌላ ፍችም አለው። የሸፈተ ሰው ከመታዘዝ ወጥቷል፤ ከአገሩ ግን አልወጣም። ጠመንጃው ራሱ አቤቱታ ነው። ዱር የገባው ምሕረትና ፍርድ እስኪያገኝ ነው፤ የሽማግሌ በር አልተዘጋበትም። «በሕግ አምላክ!» ሲባል እግሩን የሚያቆም ሕዝብ፣ ከሹሙ ጋር ሲዋጋ ከሕጉ ጋር የተጣላ አይመስለውም። እንዲያውም ሕጉን ያፈረሰው ሹሙ ነው፤ እኔ ጠባቂው ነኝ ይላል። የገበሬው ርስትም ሆነ የአባቶቹ ደብር፣ ለወረራው ያፈሰሰው ደምም በዚያው አገር ውስጥ ነው። ታዲያ ከማን ይነጠላል? ለሰፋሪው እንግሊዝ በሦስት ሺህ ማይል ባሕር የምትለይ ምድር ነበረች። ለሞጣ ገበሬ ግን ኢትዮጵያ በሌላ ስፍራ የምትገኝ አገር አልነበረችም። ደግሞም ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ጆርጅ በሩን ጨርሶ አልዘጋም፤ ዘግይቶም ቢሆን፣ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላም ቢሆን ተመለሰ።

የመመለሱ አኳኋን ግን ሊመረመር ይገባዋል። ውዝፉ የተሰረዘው እንደ ምሕረት ነው፤ ገበሬው ትክክል ነበረ ተብሎ አይደለም። በ1766 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ምክር ቤት እንዳደረገው ሁሉ እዚህም ገንዘቡ ተማረ፤ ሥልጣኑ አልተማረም። ልዩነቱ ሰፋሪዎቹ ያቺን ሁለተኛዋን አጭር ሕግ ማንበባቸው ነው። ጎጃሜው በድሉ ተደስቶ ወደ እርሻው ተመለሰ።

አሁን ስለ አንድ የሚያሳፍር ነገር መናገር ግድ ነው። በ1776ቱ ሰነድ ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ከፈረሙት ብዙዎቹ የባሪያ ጌቶች ነበሩ። ከሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን የሚሆነው በባርነት ላይ ነበር። የእንግሊዙ የቨርጂንያ ገዥ በ1775 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከአመፀኛ ጌቶቻቸው ሸሽተው ለንጉሡ ለሚዋጉ ባሮች ነፃነት ሰጠሁ ሲል፣ ይህ አዋጅ ራሱ ለብዙ የቨርጂንያ ባለ መሬቶች እንግሊዝን የመጥላት ምክንያት ሆነ። በዚህ ተገርመን እጃችንን በአፋችን ከመጫናችን በፊት ግን ወደ ደጃችን እንመልከት። በዛሬዋ የጁቤ አቅራቢያ ይቆም የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከጎጃም ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎጃምን የጎበኘው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቢክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ዓባይን ተሻግረው የሚመጡ ነጋዴዎች ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ብቻ አላመጡም፤ ሰውም አምጥተው ሸጠዋል። ያ ዘመን አለፈ ቢባልም፣ በ1960 ዓ.ም. ለርስቱ ጠመንጃ ያነሣው ባላገር ለሸማኔው፣ ለፋቂው፣ ለአንጥረኛው፣ እንዲሁም ለሙስሊሙ ነጋዴ ርስት ይገባዋል አላለም። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ቡዳ ብሎ ይሸሸው ነበር። የተወላጅነት መብት የሚያቅፈውን ያህል የሚያገልለውም አለ። ለተገለለው ሰው የርስት ነፃነት ምኑ ነው? የቀላዱ ገመድ ለእርሱ ተስፋ ሆኖ ቢታየው ማን ይፈርድበታል?

ይህ የአመፁን እውነት ያፈርሰዋል አልልም። ግማሹን እውነት ግን ሙሉ አድርጎ ከመናገር ይከለክለናል። የነፃነት ጥያቄ የሚጀምረው ሁልጊዜ አንድ ነገር ካለው ሰው ነው፤ የሚያጣው ነገር አለውና። ምንም የሌለው ሰው ድምፁ የሚሰማው ዘግይቶ ነው።

የጎጃሙ ደራሲ ሀዲስ ዓለማየሁ ይህን ሁሉ ከማናችንም በፊት ያየው ይመስላል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም.፣ ከአመፁ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። በዚያ ልብ ወለድ የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች ከልማዱ በላይ የሆነውን መዋጮ አንከፍልም ብለው ሲነሡ፣ ፊታውራሪው ሊቀጣቸው ዘምቶ ራሱ ይማረካል። የጥበብ ሰዎች ልብ ሊሉት የሚገባው፣ ደራሲው ገበሬዎቹን ቁጡ ብቻ አድርጎ አለመሣሉ ነው። ይማከራሉ፤ አስቀድመው ይለምናሉ፤ የሚገባውንና የማይገባውን ይለያሉ። ግብርን በጠቅላላ እንቢ አላሉም፤ ያለ ፈቃዳቸው የተጨመረውን ነው። አንዳንድ ጊዜ ልብ ወለድ ከገማች ኮሚቴ የተሻለ ጥናት ያደርጋል።

ነፃነታቸውን ያገኙት አሜሪካኖች ደግሞ ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ? በ1791 (እ.ኤ.አ.) አዲሱ መንግሥት በውስኪ ላይ ቀረጥ ጣለ። በምዕራብ ፔንስልቬንያ ያሉ ገበሬዎች እህላቸውን ወደ ገበያ የሚያደርሱት ውስኪ አድርገው ነበርና እንቢ አሉ። ግብር ሰብሳቢዎችን አሳደዱ፤ የተናገሩትም ቃል ከሃያ ዓመት በፊት በቦስተን የተነገረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1794 ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ ወደ 13,000 የሚሆን ጦር አስከትሎ ዘመተባቸው። ወኪል አላችሁ፤ ስለዚህ እንቢታችሁ አመፅ ነው ተባሉ። ቀረጡ የተሻረው በ1802 (እ.ኤ.አ.) በምርጫ የመጣ ሌላ መንግሥት ነው። ለጎጃም ገበሬ የቅርብ ዘመዱ የቦስተኑ ነጋዴ ሳይሆን ይህ የፔንስልቬንያ ገበሬ ይመስለኛል። የተጣላው ከባዕድ ጋር አይደለም፤ የእኔ ከሚለው መንግሥት ጋር ነው።

በጎጃም የሆነውም ከዚህ ይመሳሰላል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ሲታወጅ፣ በደቡብ ለጭሰኛው ታላቅ ነፃ መውጣት የሆነው አዋጅ ለጎጃሙ ባለ ርስት ግን ሌላ መልክ ነበረው። በ1960 ሊለካ ነው ብሎ የፈራው ርስት ሳይለካ በአንድ አንቀጽ ቀረ። ሸማኔውና አንጥረኛው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የመሬት ድርሻ መጠየቅ ቻሉ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን በሌላው መሸፈን አይቻልም። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 77 ያ የተጠላው የእርሻ ገቢ ግብር ከመሬት መጠቀሚያ ክፍያ ጋር ተመልሶ መጣ። ሰብሳቢው በዚህ ጊዜ ከውጭ የመጣ ገማች ሳይሆን የገበሬው ማኅበር ነበር። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ ደግሞ በማኅበሩ ሥልጣን ላይ የነበሩት «ቢሮክራሲ» ተብለው ከፊል መሬታቸው ተወሰደ፤ ከጎጃምም አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ የመጡ ነበሩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1990ዎቹ ውስጥ፣ በዚሁ ክልል የገጠር መሬት ልኬታና ምዝገባ ተጀመረ። ለካቹ ገመዱን ይዞ ሲመጣ ገበሬው እንደ አባቱ ጠመንጃ አላነሣም፤ ከጎረቤቱ ጋር ድንበሩ ላይ ቆሞ «እዚህ ጋ ነው» እያለ ያሳየው ነበር። ሽግሽግ ያሳለፈ ሰው ነውና ወረቀቱን ፈለገው። ፎቶግራፉ የተለጠፈበት ደብተር ተሰጠው፤ ሴቲቱም ስሟና ፎቶግራፏ ከባሏ ጎን ሰፈረ። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ቃል ግን «ርስት» አይደለም፤ «ይዞታ» ነው።